ውሃውን ሥጋ አሉት

መጀመሪያ ያስጠላኝ ቅቤ ነው። በወላይታ ቤሌ ገበያ ቅቤ ስነግድ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሽታው ከልብሴም ከጸጉሬም ስለማይጠፋ መኖሩን እንኳ ረስቼው ነበር። አንድ ማለዳ በኮባ የተጠቀለለውን ስፈታ አቅለሸለሸኝ። አፌ ብረት ብረት አለኝ። የገበያ ጎረቤቶቼ አረገዝሽ እንዴ እያሉ ቀለዱብኝ፤ የመጨረሻ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከዚያ እግሬ አብጦ ጫማዬ እምቢ አለኝ፣ ሽንቴ ቀነሰ። ሶዶ ሄጄ ስመረመር ክሪያቲኒን የሚባለው፣ ኩላሊት ማጣራት ያለበት የደም ቆሻሻ፣ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ደክመው ነበር።

ያኔ ሐኪሙ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ቀንሺ አለኝ። ለደከመ ኩላሊት ትክክለኛ ምክር ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ እጥበት፣ ዲያሊሲስ የሚሉት ማለት ነው፣ ተጀመረልኝ። ያን ጊዜ ምክሩ መቀየር ነበረበት። ተቀይሮም ከሆነ ለእኔ የነገረኝ የለም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ባለቤቴ ማርቆስ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። የመጀመሪያውን ሐኪም ቃል ይዞ ገበታዬ ላይ ዘብ ቆመ። ፖታሲየም ልብ ያቆማል ስለተባለ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ስኳር ድንችና ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራ ሥር ተከለከልኩ፤ ይህስ ምክንያት ነበረው። ግን ሥጋውም እንቁላሉም ቦዬውም ከሄደ በወላይታ ምን ተረፈ? ነጭ ሩዝና ቀጭን አጥሚት። በጊፋታ፣ በዘመን መለወጫችን፣ ቤት ሙሉ ሰው ጥሬ ሥጋ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያችን፣ እያጣቀሰ ሲበላ እኔ ጥግ ይዤ አጥሚት ጠጣሁ። የማርቆስ ወንድም አንድ ቁራጭ ሊያጎርሰኝ እጁን ሲዘረጋ ማርቆስ ልትገድላት ነው ወይ ብሎ ተቆጣው።

እንዲህ እየተራብኩ ፊቴ ክብ ሆነ። ጉንጬ ሞላ። በእኛ አገር ለታመመ ሰው ከዚህ የበለጠ የምሥራች የለም። ያየኝ ሁሉ ወፍረሻል፣ ተመስገን ይለኛል። ሚዛኑም ይመሰክርላቸው ነበር፤ ክብደቴ አልቀነሰም። ክንዴ ግን እንጨት ሆኖ ነበር። ሹራብ ስለምለብስ ክንዴን ያየ የለም። አንድ የተሰበረ ጥርሴም መግል ይዞ ድዴን ያሳብጥብኝ ነበር፤ ኩላሊቱን ለታመመ ሰው ጥርስ ምን ቁም ነገር ነው ተባለ። ከዚያ አልፎ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምስጋና ቀን ተዘጋጀልኝ። መድረክ ላይ አቆሙኝ። እልል ተባለ።

በዚያው ሳምንት መተኛት አቃተኝ። ጋደም ስል እሰምጣለሁ። ቁጭ ስል እተነፍሳለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬም አልሆነም። አረፋ የቀላቀለ ሳል ያዘኝ። ማርቆስ መኪና ፈለገ። የሶዶ መንገድ አላልቅ አለ። እንደምሞት አውቄያለሁ። አልፈራሁም። ተናደድኩ።

እንደደረስኩ እጥበት ማሽን ላይ አስገቡኝ። በማግስቱ ልቤን በኤኮ፣ በልብ አልትራሳውንድ፣ ያየችው አንዲት ወጣት ዶክተር ናት። ልቤ ሰፍቷል፣ ጡንቻው ደክሟል። አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን ወርዷል። ሲአርፒ የሚባለው የብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት ደግሞ ጨምሯል።

«ክብደትዎ ያልቀነሰው ሥጋዎ ባለቀ ቁጥር ውሃ ስለተካው ነው» አለችኝ። «ልብዎን ያደከመውም ያ ውሃ ነው።»

ጥርሱም ተራ ጥርስ አልነበረም። ብግነት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ሥጋ ያቀልጣል፣ የደም ሥርና ልብንም ይጎዳል። እጥበቱ ራሱ በየጊዜው ፕሮቲን ይዞ ስለሚወጣ ማሽን ላይ ያለ ሰው ከጤነኛ ሰው የበለጠ ፕሮቲን መብላት እንዳለበት አስረዳችን። የማርቆስ ፊት ጠቆረ።

«ታዲያ ይህን ማን ሊነግረን ይገባ ነበር?» አላት።

«እኛ» አለች።

አልተከራከረችም፣ ሌላ ሰው ላይም አላላከከችም። ስለዚያች አንዲት ቃል እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። ንዴቴን ግን አላበረደችውም።

ጥርሴ ተነቀለ፣ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ፤ ደረቅ ክብደት የሚሉት፣ ትርፍ ውሃ ሳይኖር ሰው የሚመዝነው ልክ፣ እንደ አዲስ ተወሰነልኝና ውሃው በየእጥበቱ ቀስ እያለ ይወጣ ጀመር። ማርቆስ በእጥበት ቀን ጠዋት እንቁላል ይቀቅልልኛል፣ ዓሣና ቀይ ሥጋ ተለክቶ ይቀርብልኛል፣ ዳጣው ያለ ጨው ይፈጫል፣ ድንችም አምሮኝ ከሆነ ተልጦና ተቆራርጦ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ከተደፋ በኋላ ጥቂት እቀምሳለሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ከሳሁ፤ ውሃው ሲሄድ ከሥሩ የነበረው አጥንቴ ታየ። ሰው ማልቀስ የጀመረው ያኔ ነው። እየሞትኩ ሳለ እልል ያሉልኝ ሰዎች፣ ትንፋሼ ተመልሶ በጀርባዬ መተኛት ስችል፣ አለቀች እያሉ ሊሰናበቱኝ መጡ። አንዷማ ገበያ ላይ ያለውን ቦታዬን ማን እንደሚይዘው ጠየቀችኝ። እኔው እይዘዋለሁ አልኳት፤ ይዤዋለሁም።

ከአጠገቤ ባለው ማሽን የምትታጠብ አስቴር የምትባል፣ ቢጠና ከሚባል ከተማ የምትመጣ ልጅ ነበረች። የእሷም ፊት ክብ ነበር፤ እሷም ሥጋ አትበላም። የደረሰብኝን ሁሉ ነገርኳት። ቤተሰቧ ግን የእኔን አጥንት አይተው ቀንታባት ነው አሉ። ዶክተሯም ደጋግማ ነገረቻቸው፤ የሰሙት ግን ወፍራለች፣ ድናለች የሚላቸውን ጎረቤት ነበር።

አስቴር ሞተች። ቢጠና ለቅሶ ሄድን። አንዲት እናት «ደህና ነበረች እኮ፣ እንዴት ያለ ውፍረት ወፍራ ነበር» ሲሉ ሰማሁ። አላስቻለኝም።

«አልወፈረችም፣ እማማ» አልኩ። «ውሃ ነበር።»

ማርቆስ ክንዴን ይዞ አስወጣኝ። ለቅሶ ቤት እንዲህ አይባልም አለኝ።

ልክ ነው፣ አይባልም። ስለዚህ ያቋረጠኝን እዚህ ልጨርሰው። ለዶክተሯ፣ ለነርሶቹ፣ በስተርጅና እንቁላል መቀቀል ለተማረው ባሌም ምስጋናዬ ይድረስ፤ ንዴቴ ሳይበርድም ቢሆን ከልቤ ነው። እጥበት ላይ ያለሽ እህቴ፣ ደረቅ ክብደቴ ስንት ነው፣ አልቡሚኔስ ብለሽ ጠይቂ፤ ዝም ቢሉሽ ደግመሽ ጠይቂ። የታመመ ጥርስ፣ የእጥበቱ ቱቦ፣ ካቴተሩ፣ የገባበት የቀላ ቦታ ካለሽ አትደብቂ። ጋደም ስትይ ትንፋሽ ካጠረሽ ለነገ አትበይ። እናንተ አስታማሚዎች ደግሞ ፊቷን አይታችሁ አታመስግኑ፤ የሹራቧን እጅጌ ሰብስባችሁ ክንዷን ዳስሱ። ለለቀስተኛ የምታርዱት በሬ ካለም፣ ሐኪሟ የፈቀደላትን ያህል በሕይወት ሳለች አጉርሷት።