ቡርቂቱ የጋራ ጦር የገባች ዕለት

አሥራ አንድ ዓመት ሳይሞላኝ የአንዲት ከተማ ሹም ነበርኩ። ከተማዋ ነቀምቴ ውስጥ፣ በእኛና በእነጫልቱ ግቢ መሀል ባለው አጥር ሥር ነበረች፤ ከዳር እስከ ዳር አምስት እርምጃ አትሞላም። ክረምት ላይ ከአጥሩ ሥር ቀጭን ምንጭ ይፈልቅ ስለነበር ጫልቱ በኦሮምኛ ቡርቂቱ አለቻት። ቤቶቿን ከቀይ ጭቃ ሠራን። ጣሪያቸው ከአባቴ ሱቅ ጓሮ የለቀምነው የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር፤ ሰዎቿ ደግሞ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ጭቃው የብረት ሽታ ነበረው። ከእጃችን ላይ እስከ ማታ አይለቅም።

ለየቆረቆንዳው የምናውቀውን ሰው ስም ሰጥተናል። አንዱ ቆረቆንዳ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ ከፍቶ የቀረው አባቴ ነበር። ሌላው የጫልቱ እናት አዴ ዲንቄ ነበሩ፤ ታላቅ ወንድሟ ቶለሳም ነበረበት። ከተማዋ አንድ ሕግ ብቻ ነበራት፤ ቡርቂቱ ውስጥ ማንም አይሞትም። አንዱ ከተሰበረ ምንጩ ውስጥ እንነክረዋለን፤ በማግስቱ ሌላ ቆረቆንዳ ሆኖ በዚያው ስም ይመለሳል።

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንዲህ ያለ ከተማ ነበራቸው። ትልቁ ከማንጎው ዛፍ ሥር ያለው የሰይፉ ከተማ ነው። ሰይፉ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አባቱ ቀበሌ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ ያሉ ልጆች መጥተው ከተማውን አፈረሱበት። ሰይፉ በሬዲዮ የሚሰማውን ቋንቋ ይዞ ተነሣ፤ የጋራ ጦር እናቋቁማለን፣ እያንዳንዱ ከተማ ከሰዎቹ ግማሹን ያዋጣል፣ ጦሩ ውስጥ የገባ ከተማ ከጓዶቹ ምንም አይደብቅም አለ። እስከ ቅዳሜ መልስ ስጡ ብሎን ሄደ።

እኔ እንግባ አልኩ። ብቻችንን ከቀረን ማዶዎቹ ይረግጡናል፤ እነሱ ቢተዉን ሰይፉ ራሱ አይተወንም። ጫልቱ ጭቃውን ከጥፍሯ እየፋቀች ሰማችኝ።

«ላኪ» አለች፤ እንቢ ማለቷ ነው። «የእኛ ሰዎች አይሞቱም ብለናል። የማይሞት ሰው ጦር ሜዳ ሄዶ ምን ይሠራል?»

ሁለት ብቻ ስለሆንን ድምፃችን እኩል ወጣ። ሦስተኛ ሰው እንጠይቅ ተባባልንና ወደ ቶለሳ ሄድን።

ቶለሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ወጣቱን ለውትድርና ያፍሱት ነበር፤ ከገበያም፣ ከመንገድም፣ ከአልጋም ላይ። አዴ ዲንቄ ልጃቸውን ቢላ ከተማ ዘመድ ጋ ላክሁት ብለው ለሰው አወሩ እንጂ፣ ቶለሳ እዚያው ቤት፣ ከኮርኒሱ በላይ ነበር። ዝናብ ሲጠነክርና ሰው ከመንገድ ሲጠፋ ብቻ ይወርዳል። እኔ ይህን የማውቀው ያን ቤት እንደ ቤቴ ስለምገባበት ነው። አዴ ዲንቄ አንድ ጊዜ አገጬን ቀና አድርገው ዐይን ዐይኔን ካዩኝ በቀር ስለ ነገሩ ምንም ብለውኝ አያውቁም።

ያን ቀን ቶለሳ ወርዶ የተቀቀለ በቆሎ እየበላ አገኘነው። ጉዳያችንን ከነሰይፉ ቃል ነገርነው። አልሳቀብንም፤ ረጋ ብሎ አዳመጠ።

«እኔ ድምፅ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «እዚህ የለሁማ።» ከዚያ በቆሎውን አስቀመጠ። «ብትገቡም ባትገቡም የሰዎቻችሁን ስም ዝርዝር ግን ለማንም አትስጡ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጫልቱ ከእናቷ ጋር ገበያ ስትሄድ ብቻዬን ሰይፉ ጋ ሄድኩ። ሹሟ እኔ ነኝ ብዬ። ቡርቂቱ ገብታለች አልኩት። ሰይፉ ደስ ብሎት እጄን እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። ከዚያ ቡርቂቱ መጥቶ ሰዎቻችንን አደባባዩ ላይ አሰልፎ ቆጠረ፤ ስማቸውንም አንድ በአንድ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከአንደኛው ቤት ጣሪያ ሥር የተጋደመ ቆረቆንዳ ሲያይ፣ ይህስ ለምን አልተሰለፈም አለኝ።

ጓድ ከጓድ አይደብቅም ተባብለናል። ቶለሳ ነው፣ አፈሳው እስኪያልፍ ከኮርኒስ በላይ ነው የሚውለው አልኩት። የቆረቆንዳውን ነገር እያወራሁ ነበር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን የማን ነገር እንደሆነ ገባኝ። ሰይፉ ቆረቆንዳውን አንሥቶ ከሰልፉ ጋር አቆመው።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። አልጋ ሥር አላዩም፤ ጓዳ አልገቡም። በቀጥታ ኮርኒሱን በሰደፍ መቱት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ቶለሳ ከነአቧራው ወረደ፤ ጫማዬን ልልበስ አላቸው፤ ፈቀዱለት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማሰሪያውን ቀስ ብሎ አሰረ፤ አንዱን ፈትቶ እንደገና አሰረው። አዴ ዲንቄ አልጮሁም። እኔም አላለቀስኩም። ለረጅም ሰዓት ተጭኖ እንደደነዘዘ እግር፣ ሁለመናዬ የእኔ አልመስል አለኝ። በማግስቱ መኪናው በሲሬ በኩል ወሰዳቸው። እናቱ ሹራብና ጭኮ ይዘው ሄደው፣ ሳያደርሱለት ይዘውት ተመለሱ።

ከማሠልጠኛ አንድ ደብዳቤ መጣ። ሌላ አልመጣም። መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ በእግራቸው እየተጎተቱ ገቡ፤ ቶለሳ አልነበረበትም። መርዶም የለ። ሰይፉንም መንግሥት ከመውደቁ በፊት በመጨረሻው ዓመት፣ አሥራ ስድስት ሳይሞላው ወሰዱት፤ አባቱ ቀበሌ መሥራታቸው አላስቀረውም። ለአባቱ ነግሮ ይሁን አይሁን ጠይቄው አላውቅም።

ለጫልቱ የነገርኳት ሁለታችንም ልጆች ከወለድን በኋላ ነው። ጤና ጣቢያ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ ጠብቄ አብረን እየሄድን ነገርኳት።

«ዐውቃለሁ» አለችኝ። «ሰይፉ ያን ሳምንት ነግሮኛል።»

ከዚያ ሳምንት በኋላ ስምንተኛ ክፍል እስክንጨርስ በየቀኑ አብረን ትምህርት ቤት ሄደናል። አንድ ዣንጥላ ሥር። ለምን ዝም አልሽኝ አላልኳትም፤ እሷም አልነገረችኝም። የመንገዱ መለያያ ላይ ደርሰን ተሰነባበትን።

ዛሬ እዚያ አጥር ሥር የብሎኬት ግንብ ቆሟል፤ ምንጩም ደርቋል። የአሁን ልጆች ከተማቸውን የሚሠሩት ስልክ ላይ ነው፤ እጃቸው ጭቃ አይነካም፤ አያስነጥሳቸውም፤ ደስ ይለኛል። ባለፈው ልጄ ከጓደኛዋ ጋር የመሠረተችውን መንደር አሳየችኝ። ትንሽ ናት፤ ወንዝ አላት፣ ክንፍ ያላቸው በጎች አሏት። ትልልቆቹ መንደሮች የጦር ኅብረት አቋቁመው ግቡ ብለዋቸዋል። እንግባ ወይስ ይቅርብን ብላ ጠየቀችኝ።

የሚታጠፍ ልብስ ይዤ ነበር። ጓደኛሽ ምን አለች አልኳት። ገና አልጠየቅኳትም አለች።

«ሂጂና ጠይቂያት» አልኳት። «እሷ ሳትሰማ ምንም እንዳትመልሺ።»

ስልኳን ይዛ ወጣች። እኔ ልብሱን አጥፌ ጨረስኩ።