በሳሙና የተደፈነው ጣሪያ

የትምህርት ቤት ወለል ማጽዳት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ አይደለም። አስቀድሞ ውሃ በእጅ ይረጫል፤ አለበለዚያ አቧራው ተነሥቶ ተመልሶ ያርፋል። ቀጥሎ ከጥግ ወደ በር ይጠረጋል። ጠመኔ የተበተነበት ቦታ ለብቻው በደረቅ ጨርቅ ይነሣል፤ በእርጥብ ከነካኩት እንደ ሊጥ ይለጠፋል። ይህን አሳምረው የሚያውቁት በአንድ ደሃ ሰፈር ትምህርት ቤት ዕድሜያቸውን በጽዳት ያሳለፉ ሴት ናቸው። መምህሩም ተማሪውም «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው።

ያን ሰሞን እትዬን እንቅልፍ የነሣቸው የአንደኛ ክፍል ጣሪያ ነበር። ምስማሮቹ ዝገው ወልቀው ቆርቆሮው ወንፊት ሆኗል። ዝናብ ሲመጣ ሕፃናቱ ደብተራቸውን ልብሳቸው ውስጥ ሸጉጠው ግድግዳ ሥር ይቆማሉ። መንግሥት በችግረኛ ሰፈር ላሉ ትምህርት ቤቶች የተለየ ድጋፍ ይሰጣል፤ አሰጣጡ ግን መታወቅ አለበት። ማመልከት ብቻውን አይበቃም። ከትምህርት ቢሮ ባለሙያ ይመጣል፣ በዓይኑ ያያል፣ የባሰበት ይቀድማል። ድጋፉ ካልተገኘ አንደኛ ክፍል ተዘግቶ ልጆቹ ከዋናው መንገድ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ ተብሏል። መንገዱ የጭነት መኪና የሚከንፍበት ነው። ከልጆቹ አንዷ ደግሞ እትዬ ብቻቸውን የሚያሳድጓት የልጅ ልጃቸው ናት።

ስሕተቱ የመጣው ከደግነት ነው። በዚያ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ያለው ሁሉ ይወጣል፣ የሌለው ከጎረቤት ይዋሳል። ባለሙያ ትመጣለች ሲባል ወላጆች ወንበር፣ ምንጣፍና መጋረጃ ተሸክመው መጡ። አንድ አባት ግድግዳውን ኖራ ቀባ። ዳይሬክተሩ የተሰባበሩትን ዴስኮች መጋዘን አስገቡ። እትዬም መሰላል ላይ ወጥተው የጣሪያውን ቀዳዳ አንድ በአንድ በልብስ ሳሙና ደፈኑት። ለምን በሳሙና? ዘዴው ደስ የሚል ነው፦ ሲጫኑት ይገባል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ብርሃን አያሳልፍም። እንግዳይቱ በቀን ኮከብ እንድትቆጥር አልፈለጉም።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። ክፍሉ መሀል ቆማ ዙሪያውን አየች፣ ወንበሩን ዳበሰች፣ ፈገግ አለች።

«ጎበዞች ናችሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የዚህን ሩብ እንኳ የሌላቸው አሉ። ቅድሚያው ለእነሱ መሆኑ አይቀርም።»

ዳይሬክተሩ «እናመሰግናለን» ካሉ በኋላ ነገሩ ገባቸውና ፊታቸው ዐመድ መሰለ። እትዬ ወደ ፊት ራመድ አሉ።

«ቆዪ ልጄ፣ ወንበሩ የኛ አይደለም» አሉ።

«እትዬ፣ ቀስ» አሉ ዳይሬክተሩ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«ኧረ ይተዉኝ። ወንበሩ የጎረቤት፣ ምንጣፉ የጎረቤት፣ መጋረጃው የኔ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያው ብቻ ነው፣ እሱም ያፈስሳል።»

ባለሙያዋ ቀና አለች። አንድም ጭላንጭል የለም።

«አይቀየሙኝ እናቴ፣ ቅድሚያ አታገኙም ባልኩበት ሁሉ ጣሪያው ወዲያው ማፍሰስ ይጀምራል።»

«እንግዲያው ውሃ ይደፋበትና እዪው።»

ዳይሬክተሩ ረጅም ሰው ናቸው። ወንበር ወደ ውጭ አወጡ፤ የሰው ዕቃ እንዳይቆሽሽ ጫማቸውን አውልቀው ወጡበትና ውሃ የሞላ ባልዲ ሽቅብ ቆርቆሮው ላይ ገለበጡ። ውሃው ሲንሿሿ ከውስጥ ተሰማ። ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ሳሙናው ያዘ። እትዬ የሠሩት ሥራ እንደዚያ ቀን አምሮ አስደንግጧቸው አያውቅም።

«ይድገሙት» አሉ እትዬ በመስኮት።

ተደገመ። አሁንም የለም። ባለሙያዋ ቦርሳዋን አነሣች።

«ሳሙና ነው» አሉ እትዬ። «በሳሙና ደፍኜዋለሁ፣ ለእንግዳ እንዲያምር ብዬ። አንዴ ብቻ ታገሺኝ።»

«ሳሙና?»

ሌላ ባልዲ ሲገለበጥ ነጭ አረፋ ከላይ ተንጠለጠለ፣ ረዘመ፣ ምንጣፉ ላይ ጠብ አለ። ከጎኑ ሌላ ተከተለ። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ ያንጠባጥብ ጀመር። ባለሙያዋ ግንባሯ ላይ ያረፈውን በጣቷ ነካችና አሸተተችው።

«የልጆቹን ዴስኮች የት አደረጋችኋቸው?» አለች።

ዳይሬክተሩ ካልሲያቸው እንደራሰ ወደ መጋዘኑ መሯት።

ስትወጣ እትዬ እስከ አጥሩ በር ተከተሏት። «ይሰጠናል?»

«ያየሁትን እጽፋለሁ። የሚወስነው ሌላ ሰው ነው፤ ዋሽቼ ላጽናናዎት አልፈልግም።»

«ታዲያ መቼ ይታወቃል?»

«ጊዜ ይወስዳል። ዝናቡ እንዳይቀድመው ነው የምፈራው።»

እትዬ የሰው ምንጣፍ ጨምቀው አጥሩ ላይ አሰጡ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ዋናው መንገድ ወረዱ፤ ጠርዙ ላይ ቆሙ።

«ለምንድን ነው እዚህ የመጣነው?» አለች ልጅቷ።

«ለምናልባት ነው። ሳትሮጪ፣ መጀመሪያ ወደዚህ እዪ። ምን ይታይሻል?»

«መኪና።»

«እሱ ይለፍ። አሁን ወደዚያ።»

«እሱም መኪና ነው እማማ። አያልቅም እኮ።»

እትዬ እጇን ጠበቅ አደረጉት። «እናያለን» አሉ፤ ዓይናቸውን ከአስፋልቱ አልነቀሉም።