ከታች ያልወጣው ግራሶ

«ወጣ እኮ! አይታይዎትም እንዴ፣ ኦቦ ደበላ?» አለ አባቴ።

«የወጣው ከላይ ነው፤ ከታች አልወጣም» አሉ ሾፌሩ፣ ከጭነት መኪናችን ሥር እንደተጋደሙ።

ዛሬ አምቦ ውስጥ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የሸተተኝ ግራሶ፣ ያ ወፍራም የመኪና ቅባት፣ ነው ወደዚያ አመሻሽ የመለሰኝ። በደርግ ጊዜ ነው። እህላችን ተጭኖ፣ ለማግስቱ ማለዳ የእጃጂ ገበያ መድረስ ነበረበት። ኦቦ ደበላ ግን በቆርቆሮ መጋዘናችን ውስጥ የፊት ጎማውን በክሪክ አንሥተው፣ ጎማው የሚታጠፍበትን ፔርኖ ግራሶ ያጠጣሉ። ጥቁሩ አሮጌ ግራሶ በአዲሱ ተገፍቶ ከላይም ከታችም ካልወጣ፣ ለእሳቸው ፔርኖው አልጠጣም። የግራ ጎማው ፔርኖ ከታች ደረቅ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ጎማውን እያወዛወዙ አዳመጡት። ብረትን እንዲያ የሚያዳምጥ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

«ተፈትቶ ይጽዳ። ነገ እንሄዳለን።»

«ነገማ ገበያው ያመልጠናል! ሞተሩ ደህና አይደል?»

«ስማ ታደሰ፣ ሞተር ሲጠፋ መኪናው ይቆማል። መሪ እምቢ ሲል ግን የሚያቆምህ የጉደር ገደል ነው።»

«እንግዲያው ሌላ ሾፌር ይነዳዋል!»

ኦቦ ደበላ ከመኪናው ሥር ወጡ። አልተቆጡም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠረጉና፣ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው አባቴ መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ሌላው ሾፌር ሲመጣ፣ ከታች እንዳልወጣ ንገረው። እሱም ልጆች ይኖሩታል።»

ኮታቸውን ከሚስማሩ ላይ አንሥተው ወጡ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።