አላውቅም ባልኩ ቁጥር

የዮጋ አስተማሪነት ስልጠና ልወስድ አዲስ አበባ ስሄድ ግምቴ ሁሉ የተሳሳተ ነበር። እንደ ሰርከስ ልጆች ተጣጥፌ የምመለስ መስሎኝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት ግን ቁጭ ብዬ ነው፤ የአጥንትና የጅማት ስም ስሸመድድ፣ ሰው ሲተነፍስ ትከሻውን ሳይ። አሰልጣኛችን ደጋግማ የምትለን ደግሞ የታመመ መገጣጠሚያ አትንኩ፣ ወደ ሐኪም ላኩ ነበር።

ወደ ተወለድኩባት ከተማ ወደ ሐይቅ ስመለስ እናቴ ወሬውን ቀድማ አዳርሳዋለች። ልጄ የአጥንት ትምህርት ተምራ መጣች ብላለች። በኛ አገር አጥንት የሚያውቅ ሰው ወጌሻ ነው። ለዮጋ የተከራየሁት ክፍል ምንጣፍ ሳይነጠፍበት ወለም ያለው ሁሉ ደጄ ላይ ተቀመጠ። አላውቅም አልኩ፤ ስህተቴ እሱ ነበር። እኛ ጋ እውነተኛ አዋቂ አውቃለሁ አይልም፤ ይደብቃል፣ ይለመናል፣ ሽማግሌ ይላክበታል። አላውቅም ባልኩ ቁጥር ስሜ ገነነ። ጉራዬን ብነዛ ኖሮ አንድም ሰው ባልመጣብኝ።

አንድ ጠዋት የጡት እናቴ መጡ። ጎረቤታችን ናቸው፤ እናቴ እኔን ወልዳ ስትታመም ከልጃቸው እኩል ያጠቡኝ እሳቸው ናቸው። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር ሲመለሱ ወድቀው የቀኝ እጃቸው አንጓ አብጧል። ደሴ ሆስፒታል ልውሰድዎት አልኳቸው። ወጌሻ አይደለሁም ብዬ ማልኩ። ፈገግ ብለው እጃቸውን ጭኔ ላይ አሳረፉት።

«ልጄዋ፣ ለሌላው ደብቂ። ለኔም?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። እምቢ ብል ጡት ነካሽ መባሌ ነው፤ እሺ ብል የማላውቀውን አጥንት ልጎትት ነው። ተናደድኩ፣ ፈራሁም። መውጫ ያገኘሁ መስሎኝ እጃቸውን ሳልነካ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ቀስ ብለው ይተንፍሱ አልኳቸው። እሱን እንኳ አውቃለሁ። ፊታቸው ተፈታ፣ ቀለለኝ አሉ። ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን ብዬ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ስሄድ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። ድኛለሁ፣ ባንቺ ላይ ሐኪም ቤት መሄድ ነውር ነው አሉኝ። እናቴም አታሳፍሪያቸው አለች። ሦስት ቀን ተመላልሼ ለመንኳቸው። በአራተኛው ቀን ደከመኝና ቀረሁ።

አጥንቱ ተሰብሮ ኖሯል፤ ጠምሞ ገጠመ። ዛሬ ክፍሌ ተማሪ አለው፣ ግማሹን የላኩልኝ እሳቸው ናቸው። ባለፈው አርብ መንገድ ላይ አስቁመው ሊመርቁኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የግራው መዳፍ ወደ ሰማይ ዞረ፤ የቀኙ አልዞረም።

«አንቺ ነሽ ያዳንሽኝ። አላህ እጅሽን ይባርከው» አሉ።

አሚን አልኩ።