ሁለቱን ፖሊሶች ያገናኘሁበት ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት በሲያትል ደቡብ ጫፍ፣ ዋይት ሴንተር በሚባለው ሰፈር የትራፊክ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ የከተማው ፖሊስና ከከተማው ወሰን ውጭ ያለውን የሚጠብቀው የካውንቲው ሸሪፍ መኪኖቻቸውን አጠጋግተው በመስኮት ሲያወጉ አየሁ። ብቻዬን ሳቅሁ። በሃያ አንድ ዓመቴ እነዚህን ሁለቱን ለማገናኘት ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው።

ዘጠናዎቹ መጨረሻ ላይ፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። እዚያው ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ካለው ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ የመዘምራኑ ቫን ከነኪቦርዱና ከነድምፅ ማጉያው ተሰረቀ። ለከተማው ፖሊስ አመለከትን። ከሰዓት በኋላ የመዘምራኑ ሽማግሌ ጋሼ መኮንን በታክሲያቸው ወደ ቤት ሲያደርሱኝ ዋይት ሴንተር ላይ ድንገት ፍሬን ያዙ። ቫናችን ከአንድ ዶሮ ጥብስ ቤት ፊት ለፊት ቆሟል። በካፊያው ውስጥ የጣፋጩ ስጎ ሽታ መንገዱን ሞልቶታል።

ወደ ድንገተኛ ጥሪው፣ ናይን ዋን ዋን ደወልኩ። የት ነሽ ሲሉኝ ሲያትል አልኩ፤ የፖስታ አድራሻው እንደዚያ ነውና። አንድ ወጣት የከተማው ፖሊስ መጥቶ ከቫኑ ማዶ፣ በሰሜን በኩል ቆመ።

«ይህ መንገድ ድንበር ነው» አለን። «እዚህ ድረስ የከተማው ነው፤ ቫኑ የቆመበት ግን የካውንቲው ነው። እነሱን ጥሩ።»

«ሌባ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ድንበር የሚያከብረው?» አሉ ጋሼ በአማርኛ። «ኤፍ ቢ አይን ጥራቸው በይው፤ የሁሉም የበላይ እነሱ አይደሉ?»

ፖሊሱ ኤፍ ቢ አይ የምትለውን ብቻ ሰምቶ ሳቀ። «እነሱ ለፌዴራል ወንጀል ነው የሚመጡት። ለአንድ ቫን አይመጡም።»

ፖሊስ ፊት ድምፄ የሚጠፋ ልጅ ነበርኩ። ነገር ግን ነገ ጠዋት ያለ መሣሪያ ልንዘምር ነው።

«ኦኬ» አልኩት በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፤ «ማዶው የእናንተ ካልሆነ ይህኛው ጎን የእናንተ ነው። ቫኑ የተሰረቀውም ከእናንተ ከተማ ነው። የካውንቲውን በሬዲዮ ይጥሩልኝና እስኪመጡ እዚሁ ይቁሙልኝ።»

ትንሽ አየኝና ሬዲዮውን አነሳ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰውዬ የምግብ ከረጢት ይዞ ከዶሮ ቤቱ ወጣና የቫኑን በር ከፈተ። ማዶ የቆመውን ፖሊስ ሲያይ እጁ በሩ ላይ ቀረ። ልሂድ አልሂድ ሲያመነታ የካውንቲው መኪና ከደቡብ መጥቶ ፊቱን ዘጋበት። ያን ጊዜ ፖሊሱ ተሻግሮ ከሸሪፉ ጋር ተነጋገረ። የከተማው ፖሊስ አቤቱታችን ነበረው፣ የካውንቲው ደግሞ መሬቱ፤ ሰውዬው በካቴና ተያዘ።

ኪቦርዱ ከኋላ እንዳለ ነበር። ፖሊሶቹ ቫኑን ሲያስረክቡን ጋሼ መኮንን ታክሲያቸውን እዚያው አቁመው ቫኑን ራሳቸው ነዱ። «ልጄ፣ ዛሬ ሁለት መንግሥት አስታረቅሽ» አሉኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንደርስ እናቶች በእልልታ ተቀበሉን፤ በማግሥቱ እንደዘመርነውም ዘምረን አናውቅም።

ዛሬ ከአገር ቤት አዲስ የሚመጡ ልጆች የትኛውን ፖሊስ ልጥራ ብለው ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የቆማችሁበትን ቦታ እወቁ እላቸዋለሁ። የፖሊሶቹን ድንበር የትኛውም ካርታ ያሳያል። እኔ ያን ቅዳሜ ያወቅሁት ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ስናገር እንደምሰማ ነው።