አስረስ ያልወደዳቸው አጫጭር ልቦለዶች

በ1977 ዓ.ም. ወንድሜ አስረስ ሲሞት፣ የለቡ እድራችን ጸሐፊ አቶ ቸኮል በቀብሩ ላይ የሚያነቡትን የሕይወት ታሪክ አሳዩኝ። «የሚወደውን ደራሲ አጫጭር ልቦለዶች እንዳቀፈ አረፈ» ይላል።

«ይሰረዝ» አልኳቸው። አስረስ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ የደራሲውን የዘንዶና የጠንቋይ ረጃጅም ልቦለዶች ምሳውን እየተወ አንብቧል። አጫጭሮቹን ግን ታሞ ሳለ ሳነብለት፣ ዘንዶው ገበሬ ማኅበር ገብቶ ስለ ማዳበሪያ ንግግር ሲያደርግ አስቆመኝ። «ተይው፤ ከዚህስ መርፌ የሚወጋኝን ድሬሰር ጥሪልኝ» አለ።

«በቀብር ላይ ቅሬታ ይነበባል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ አቶ ቸኮል።

«ቅሬታው የእሱ ነው፤ የእኛ ማንበብ ብቻ ነው።»

መቃብሩ ላይ «ረጃጅሞቹን ወደደ፤ በአጫጭሮቹ አዘነ» ብለው አነበቡ። የፋብሪካ ጓደኞቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ እኔም በዚያን ቀን መጀመሪያ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።