ሳሙና የጠጣ ጋን

ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ልደታ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወዳለው የባሌ እናት ቤት በምራትነት ገባሁ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አማቴ ቁጡ ሴት አልነበሩም፤ አንዴ የተናገሩትን ግን አያጥፉም። ትልቁ ልጃቸው ዱር ገብቶ ከአርበኞች ጋር ነበርና፣ «የጣሊያን ነገር፣ መርፌም ብትሆን፣ ደጄን አትለፍ» ብለው ነበር። ባሌ ደግሞ የሚሠራው በጣሊያኖች ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጎማ ይቀይራል። አማቴ ሥራውን አይጠይቁትም፣ እሱም ከዚያ የሚያመጣውን አያሳያቸውም።

አንድ ቀን ለእኔ ሳሙና አመጣልኝ። ልብስ በእንዶድ አጥባ ላደገች ልጅ ያ ሽታ ተአምር ነበር። በነጠላዬ ጠቅልዬ ከአልጋው ሥር ደበቅሁት።

በዚያው ዓመት ለግንቦት ልደታ አማቴ ያሉበት የሴቶች ማኅበር ተራ እኛ ላይ ወደቀ። አማቴ ማኅበሩን የያዙት ስለ ልጃቸው ተስለው ስለነበር ጠላው እንዲያምር ፈለጉ። ከባላገር ገብስ መምጣት አቁሟል። ቤት ውስጥ ያለን ልጃቸው ሲመለስ ድግስ ይሆናል ብለው ያስቀመጡት ስንዴ ብቻ ነበር።

«እመቤቴ ትመልስልኝ እንጂ፣ ስንዴ ሌላ ጊዜ ይገኛል» አሉና አወጡት። ከፊሉን ብቅል አበቀልነው፤ የቀረውን ቆልተን ፈጨነው።

የኛ ጋን ተሰንጥቆ ስለነበር ከአጥራችን ጀርባ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ጎረቤታችን የራሷን አዋሰችን። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ያለቻት ሴት ናት። የሰፈሩ ሰው ማሰሮዋንና ጀበናዋን ይገዛል እንጂ ቤቷ ገብቶ አይበላም፤ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ አይታመንም ይባላልና። ጋኑን አስቀምጣ፣

«ከውሃ በቀር ምንም አልነካውም» አለችኝ። «በግራዋ ደጋግመሽ እሺው፤ ሲደርቅ በወይራ አጥኚው። ሸክላ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል፣ እኅቴ።»

ግራዋ የሚበቅልበት ወንዝ ዳር ወታደር ሰፍሯል። አማቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለምኜ ቅጠል እንዳመጣ ነግረውኝ ለቅሶ ሄዱ። ሩቅ አልነበረም። ግን ፀሐዩ ከረር ያለ ነበር፤ ወገቤን አሞኛል፤ ሳሙናው ደግሞ አለ። ተንኮል አላሰብኩም። እንዲያውም እንዲያ አረፋ የሚያወጣ ነገር ከቅጠል አይበልጥም? ብዬ ነው። እስከ ትከሻዬ እጄን ከትቼ ጋኑን በሳሙና አሸሁት፤ በውሃ አለቀለቅሁት፤ ወይራ አጨስኩበት። አማቴ ሲመለሱ አፍንጫቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው፣ «ጎሽ ልጄ!» አሉኝ። የሸተታቸው ወይራው ብቻ ነበር።

ጠላው ተጠንስሶ፣ ተደፍድፎ፣ የጋኑ አፍ በጭቃ ተለሰነ። በበዓሉ ዋዜማ ጠዋት አንዲት የማኅበሩ ሴት ልታግዘን መጣችና አብረን ከፈትነው። አማቴ በቅል ቀድተው ቀመሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ጠላ ሲኮመጥጥ አውቃለሁ» አሉ። «ይሄ ምንድን ነው?»

እኔም ቀመስኩ። ኮምጣጣ ነው፤ ከኮምጣጣው በታች ደግሞ ጉሮሮ ላይ የሚቀር፣ የሚያንሸራትት ነገር አለው። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ።

«ጋኑ የማን ነው?» አለች ሴትዮዋ። አማቴ ነገሯት። «ታዲያ ምን ትጠይቂያለሽ? ዓይኗን ጥላበት ነዋ!» አለች መልሳ።

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «በደንብ አጥበሽው ነበር?»

«አዎ፣ እማማ። በግራዋ፣ ሦስት ጊዜ።»

ያን ሁሉ ስንዴ ጓሮ ደፋነው። ከጠላው ይልቅ ያቃጠለኝ አማቴ ጥግ ይዘው፣ «ስእለቴን አልተቀበለችኝም፤ ልጄን አላየውም» እያሉ ማልቀሳቸው ነው። አንድ ቃል ብናገር እንባቸው ይቆም ነበር። አልተናገርኩም።

ወሬው ከበዓሉ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ከሸክላ ሠሪዋ ማሰሮ የሚገዛ ጠፋ፤ ልጇ ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ከሳምንት በኋላ ጋኗን ልትወስድ መጣች። አማቴ ከቤት አልወጡላትም። ጎንበስ ብላ ውስጡን አሸተተች፣ ጣቷን አስገብታ ጠረገች፣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሳሙና ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እትዬ፣ በእመቤቴ! አትንገሪብኝ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለች። «አንቺን ነው የሚያምኑሽ። እንግዲህ ንገሪያቸው።»

ክረምቱን ሙሉ ዛሬ እነግራለሁ፣ ነገ እነግራለሁ እያልኩ አሳለፍኩ። ሳሙናውን ሽንት ቤት ጣልኩት፤ ለባሌ ጠፋብኝ አልኩት። መስከረም ሳይጠባ ሴትየዋ ዕቃዋን በአህያ ጭና ልጇን ይዛ ወደ አብነት ሰፈር ወረደች። ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ አየኋት፤ ቻው እንኳ አላልኳትም።

ጣሊያን ሲወጣ የባሌ ወንድም ከስቶ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ፣ በእግሩ መጣ። አማቴ ከደስታ ብዛት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልነበራቸውም። ደስታው ነገሩን ያለሰልሰዋል ብዬ፣ ምስር ስንለቅም ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ሳሙናውን ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። «እኔም ግን ያን ቀን፣ ‹ተዪ፣ የሴትየዋን ስም አታጥፊ› ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ተነሺ፣ እንሂድ።»

አብነት ሄደን ቤቱን ጠያይቀን አገኘነው። ሌሎች ሰዎች ገብተውበታል። ሴትየዋ ልጇን ይዛ ወደ ዘመዶቿ አገር ሄደች አሉን፤ አገሯ የት እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

በሚቀጥለው ማኅበር አማቴ አስነሡኝና በሴቶቹ ፊት ተናገርኩ። አንዳንዶቹ፣ «የልጅነት ነገር ነው፣ ያለፈ አለፈ» ብለው ሳቁ። ያቺ ጠላውን አብራን የከፈተችው ሴት ግን ዋንጫዋን እያስቀመጠች፣

«ሳሙናም ቢሆን» አለች፣ «የሷ ዓይን ደግሞ አለበት።»

ተከራከርኳት፤ አልቅሼ ጭምር ተከራከርኳት። አንድም ሰው ከእኔ ጋር አልቆመም፤ አማቴ ብቻ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና፣ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማኅበር የለሁበትም» ብለው ወጡ። ተከተልኳቸው።